የኔታን ወደ ቤት መጥራት፤ ከማንኩሳ የሚነሣ የንባብ ትምህርት ታሪክ

ማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል የምትገኝ የምዕራብ ጎጃም ትንሽ ከተማ ናት። የአገሩ ተወላጅ ያልሆነ አንባቢ ስሟን የሚያውቀው ባመዛኙ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ከተባለው ልብ ወለድ ነው፤ ታሪኩ መነሻ ያደረገው እርሷን ነውና። ስለዚህ መጽሐፍ በሚጻፈውና በሚነገረው ውስጥ የፍቅሩ ነገር፣ የባላባቱ ትዕቢትና የጉዱ ካሣ ትችት በሰፊው ሲወሳ፣ ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው ጉዳይ ግን እንደ ተራ ነገር ይታለፋል። ይኸውም አንድ መኰንን ለልጁ ንባብ የሚያስተምር ሰው አስፈልጎ ወደ ቤቱ ማስገባቱ ነው። የማንኩሳው ተወላጅ በዛብህ ከፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ከሰብለ ወንጌል ጋር የተቀራረበው የንባብ መምህሯ ሆኖ ነው፤ ይህ ባይሆን ኖሮ መጽሐፉም ባልኖረ ነበር።

የድኻ ልጅ የሆነ ሊቅ በመኳንንት ቤት ገብቶ ፊደል ማስቆጠሩ ደራሲው ከምናባቸው ብቻ ያመነጩት ነገር አይደለም። ልማዱ በጎጃምም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል የነበረ፣ የራሱም ምክንያትና ችግር ያለው ነው። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ብዙ ጸሐፊዎች ሲያገኝ፣ ይህ የጓዳ ትምህርት እምብዛም አልተመረመረም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጉባኤ የለውም፣ የመምህራኑን የትውልድ ሐረግ እየቈጠረ የሚያስታውስ ደቀ መዝሙርም የለውም። በአንድ ቤት ይጀምራል፤ በዚያው ቤት ያልቃል።

ልማዱን ለመረዳት በመጀመሪያ የተገለበጠውን ሥርዐት ማወቅ ያስፈልጋል። በአብነት ትምህርት ሥርዐት ልጅ መምህርን ፈልጎ ይሄዳል እንጂ መምህር ልጅን ፈልጎ አይመጣም። ፊደልና ዳዊት አብዛኛውን ጊዜ በአቅራቢያ ባለው ደብር ዐጸድ ወይም በመምህሩ ጎጆ ደጃፍ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ለዜማና ለቅኔ ርቆ መሄድ ይመጣል። ጎጃም በቅኔ ትምህርት የታወቀ አገር ነው፤ የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች፣ እነ ዲማ ጊዮርጊስ፣ እነ ደብረ ኤልያስ፣ እነ ደብረ ወርቅ ከሩቅ አገር ተማሪ ይስቡ ነበር። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ለምኖ ይማራል። ልመናው የችግር ብቻ ውጤት ተደርጎ መታየት የለበትም። ልጁን ከአባቱ ቤት የሚለይ፣ ለመምህሩ የሚያስገዛ፣ ዕውቀት በዋጋ የማይገዛ መሆኑን በሆዱ የሚያስተምር ሥርዐት ነበረ። መምህሩም የሚጠራበት ስም ይህንኑ ያጸናል። «የኔታ» ማለት «የእኔ ጌታ» ማለት ነው። በዚያ ዐጸድ ውስጥ የባላገሩ ልጅ ከአባቱ በላይ የሚፈራው ጌታ እርሱ ብቻ ነው።

ትምህርቱ ራሱ ምን እንደሚመስል ጠንቅቆ ማየት ያሻል። የግዕዙ ፊደል 26 ነው፤ በሰባቱ ድምፅ ሲረባ 182 ይሆናል። አማርኛ የጨመራቸው ሰባቱ፣ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ፣ ሲታከሉ 33 ሆነው፣ ዲቃሎቹ ሳይቈጠሩ በጠቅላላው 231 ይደርሳሉ። ሕፃኑ በስንደዶ ወይም በእንጨት ስንጥር እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በዜማ ይጠራል፤ «ፊደል ቈጠረ» የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። እዚህ ላይ ማንኛውም አስተማሪ የሚያውቀው ችግር ይመጣል። ዜማው ቶሎ ስለሚለመድ አፍ ከዐይን ቀድሞ ይሮጣል፤ ልጁ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ሲል ስንጥሩ የት እንዳለ አያውቅም። መምህራኑ ለዚህ ያበጁት መድኀኒት አቡጊዳ ነው። ልጁ ሀሁን ከጨረሰ በኋላ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ በሚል ሌላ ተራ ይፈተናል። በዚህ ተራ በእያንዳንዱ እርምጃ ፊደሉም ድምፁም አብሮ ስለሚለወጥ፣ በለመደው የሀሁ ዜማ ማምለጥ አይቻልም፤ ወደ ገበታው መመልከት ግድ ይሆናል። ፊደሉ ሁለት ነገር፣ ማለት ተነባቢና አናባቢ፣ በአንድነት የያዘ መሆኑን ልጁ የሚገነዘበው ያን ጊዜ ነው። ይህ ብልሃት በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ሳይቀር ስሙን አትርፏል። ፒተር ዳንኤልስ የተባለው የጽሕፈት ሥርዐት ተመራማሪ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1990 እንዲህ ያለውን የአጻጻፍ ዐይነት ሁሉ፣ የህንድን ፊደላት ጭምር፣ «አቡጊዳ» ብሎ ሰይሞታል። የሕፃናቱ የጎጆ ደጃፍ ዜማ የዓለም ሳይንስ ቃል ለመሆን በቅቷል ማለት ነው።

ከአቡጊዳ በኋላ የዮሐንስ መልእክት ይቀርባል። እርሱም በመጀመሪያ በቍጥር፣ ፊደል በፊደል ይጠራል። ቀጥሎ በግዕዝ ንባብ ፊደላቱ እየተያያዙ ቃል ይሆናሉ፤ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ቁም ንባብ ይመጣል። በእነዚህ ደረጃዎች ልጁ ተነሹን፣ ወዳቂውን፣ ተጣዩንና ሰያፉን ይለያል፤ የት እንደሚጠብቅና የት እንደሚላላ ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። ማርሴል ኮኸን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1921 ስለ ግዕዝ ባህላዊ አነባበብ ባሳተመው ጥናት፣ በጽሕፈት የማይታየው ይህ ዕውቀት በቃል እየተላለፈ እንዴት እንደ ኖረ ለአውሮጳ ሊቃውንት አሳይቷል። ዳዊት የሚደገመው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ ልጁ ዳዊት ሲደግም ወላጆች እንደ አቅማቸው ድግስ ይደግሳሉ፣ ለመምህሩም ልብስ ወይም ሌላ ስጦታ ያቀርባሉ።

በዚህ ትምህርት ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚሰነዘር ነቀፌታ አለ፤ ልጁ የማያውቀውን ቋንቋ እንደ በቀቀን ይደግማል የሚል ነው። ነቀፌታው እውነትነት አለው፤ ግን ግማሹን ብቻ ያያል። አንድ ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ሲያነብ የቃሉን መጀመሪያ ዐይቶ ቀሪውን ከሐሳቡ ሊገምት ይችላል። በማያውቀው ግዕዝ ግን ግምት አያዋጣውም፤ እያንዳንዱን ፊደል በድምፁ ከመጥራት በቀር መንገድ የለውም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ አገሮች ለብዙ ዓመታት የተከራከሩበት ጉዳይ ይኸው ነው። ሩዶልፍ ፍሌሽ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1955 በአሜሪካ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ልጆች ድምፅን ከፊደል ጋር ሳያያይዙ ሙሉ ቃል በዐይን እንዲያጠኑ መደረጉን አጥብቆ ነቀፈ። በእንግሊዝም በ2006 የወጣው የሮዝ ሪፖርት የፊደልን ድምፅ በሥርዐት ማስተማር ለጀማሪ አንባቢ ግንባር ቀደም መንገድ እንዲሆን መከረ። የጎጃም የኔታዎች ይህን ክርክር ሳይሰሙት በአንደኛው ወገን ለብዙ ዘመን ቆመው ነበር።

ሆኖም መንገዱ የሚያደርሰው እስከ ወሰነው ድረስ ብቻ ነው። የትምህርቱ መድረሻ ጸሎትና የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ስለ ሆነ፣ ጽሕፈት በውስጡ ቦታ አልነበረውም። ዳዊት የደገመ ሰው ስሙን መጻፍ ባይችል አያስደንቅም ነበር። ጽሕፈት የቁም ጸሐፊ ሙያ ነው፤ የራሱ ብርዕ፣ የራሱ ቀለም፣ የራሱ የብራና ዝግጅት አለው። ከዚህም በላይ ክታብ ከሚጽፉ ደብተራዎች ጋር ስለሚያያዝ በሕዝቡ ዘንድ በጥርጣሬ የሚታይ ነበር። አማርኛም ቢሆን በዚህ ትምህርት የሚነበብ ቋንቋ አልነበረም። አማርኛን የሚያነብ ሰው ደግሞ ሌላ ዕዳ አለበት፤ መጥበቅና መላላት በጽሕፈት ስለማይታይ «ገና» የሚለውን ቃል ዐይቶ በዓሉ ይሁን ወይም «ገና አልደረሰም» የሚባለው ይሁን የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። ሳድሱም አንዳንድ ጊዜ ይሰማል፣ አንዳንድ ጊዜ ይዋጣል። እዚህ ላይ በግዕዙ ትምህርት የተከለከለው ግምት ተመልሶ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ባለጠጋ ቤት መምህር ሲፈልግ የሚፈልገው ምንድን ነው? መኰንኑ ልጁን ለመቅደስ አላሰበውም። የሚፈልገው ደብዳቤ አንብቦ ምስጢር ለሌላ ሰው የማያስይዝ፣ የርስት ክርክር ሲነሣ የተጻፈውን የሚያይ ወራሽ ነው። ለሴት ልጅ ሲሆን ምክንያቱ ይበልጥ ጠባብና ይበልጥ ግልጽ ነበር፤ በደብር ዐጸድ ከቆሎ ተማሪ ጋር እንድትውል ስለማይፈቀድላት፣ ፊደል የምታየው መምህሩ ወደ ቤት ከመጣ ብቻ ነው። ስለዚህ የጓዳው ትምህርት ለወንድ ልጅ ምቾት ሲሆን ለሴት ልጅ ብቸኛው በር ነበር ማለት ይቻላል። እቴጌ ጣይቱ በልጅነታቸው በጎጃም በደብረ መዊዕ አድገው በዘመናቸው ከነበሩ ሴቶች በተለየ ማንበብና መጻፍ የሚያውቁ መሆናቸው በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የሚጠቀስ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ዕውቀት እንደ እንግዳ ነገር መጠቀሱ፣ ብዙ እናቶች በዚያ በር ሳያልፉ መቅረታቸውን ይመሰክራል።

መምህሩም እንደ ቤቱ አቅም ይለያያል። ብዙ ጊዜ የንስሐ አባት ያንኑ ሥራ ደርቦ ይሠራል፤ ለቤቱ ባለቤት ይህ ከሁሉ የሚቀልና የማያሳስብ ነው፣ በዕድሜም በማዕርግም የተከበረ ሰው ነውና። የንስሐ አባት ካልተመቸ ግን ከአቅራቢያው ደብር ዜማና ቅኔ የተማረ፣ ድኻ፣ ብዙውን ጊዜም ወጣት የሆነ ደብተራ ይፈለጋል። ከፍ ባለው ቤት ደግሞ ፍለጋው ሩቅ ይሄዳል። ልዑል ራስ መኰንን በሐረር ለልጃቸው ለተፈሪ የፈረንሳይኛ መምህር አድርገው ያስገቡት አባ ሳሙኤል ወልደ ካሂንን ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው መምህራቸውን በክብር ያነሣሉ፤ አባ ሳሙኤል በ1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ጀልባ ሰጥሞ የሞቱት ከቀድሞው ተማሪያቸው ጋር ሳሉ ነው። ነገሩን ከባሕር ማዶ ለሚመለከት ሰው ደግሞ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ አለ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1652 የጀርመኑ የጎታ መስፍን ኤርንስት አንድ አማራ መነኵሴ፣ አባ ጎርጎርዮስን፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስጠርቶ ኢዮብ ሉዶልፍ ከእርሳቸው ዘንድ ተማረ፤ በ1698 ታትሞ የወጣው የአማርኛ ሰዋስው የዚያ የቤት ውስጥ ትምህርት ፍሬ ነው። ለኢትዮጵያ ጥናት መሠረት የጣለውም በሰው ቤት እንጀራ እየበላ ያስተማረ መምህር ነው።

ችግሩ ያለው በዚሁ እንጀራ ላይ ነው። በዐጸዱ ውስጥ ለምኖ የሚበላው ተማሪው ሲሆን፣ በመኰንኑ ቤት ግን የሰው እጅ የሚያየው መምህሩ ነው። ልጁ «የኔታ» ሲለው በዚያው ቤት ሌላ ጌታ አለ፤ ለዚያኛው ጌታ መምህሩ «አንተ» የሚባል አሽከር ነው። የት እንደሚቀመጥ፣ ከማን ጋር እንደሚቈርስ፣ ሰነፍ ተማሪን ሊገሥጽ ይችል እንደ ሆነ የሚወስንለት ልማድ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዐት እነዚህን ጥያቄዎች ሁሉ አስቀድሞ መልሷቸው ነበር፤ የጓዳው ትምህርት ግን ያንኑ ገበታና ያንኑ ዜማ ወስዶ ሥርዐቱን ከኋላው ትቶት መጣ።

ልብ ወለድ የታሪክ ሰነድ ተደርጎ እንዲሁ ሊወሰድ እንደማይገባ የታወቀ ነው። ነገር ግን የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ በዚህ ጉዳይ ምስክርነታቸው ቀላል አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በ1902 ዓ.ም. ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው፣ በኋላም በአዲስ አበባ ዘመናዊውን ትምህርት ቀምሰው፣ ከጊዜ በኋላ የትምህርት ሚኒስትር እስከ መሆን የደረሱ ሰው ናቸው። ሁለቱንም ገበታ ያውቃሉ። በዛብህ በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው፤ ትምህርቱን በሥርዐቱ፣ መምህር ፈልጎ ሄዶ ነው የጨረሰው። ፊታውራሪ መሸሻ የሚያዩት ግን ሊቁን ሳይሆን የማንኩሳ ባላገር ልጅ መሆኑን ነው። ዕውቀቱ ወደ ቤቱ ያስገባዋል፤ ትውልዱ ደግሞ በቤቱ ውስጥ ቦታ ይነሣዋል። ደራሲው ይህን ግጭት በፍቅር መልክ ማሳየታቸው ለልብ ወለድ የሚስማማ ነው፤ ግጭቱ ግን ፍቅር በሌለበትም ቤት ሁሉ የነበረ ይመስላል። ለሰብለ ወንጌልም በኩል ማየት ይገባል። በእኩያ ማዕርግ ፍለጋ ምክንያት ሳታገባ ለቀረች የመኰንን ልጅ ከውጭው ዓለም የሚመጣላት ብቸኛ እንግዳ ሰው የንባብ መምህሯ ነበር።

የመንግሥት ተማሪ ቤት መከፈት ልማዱን ወዲያው አላጠፋውም። የዳግማዊ ምኒልክ ተማሪ ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኰንን በ1917 ዓ.ም.፣ ለሴቶች የእቴጌ መነን በ1923 ዓ.ም. ሲከፈቱ፣ ፊደል የማስቈጠሩ ሥራ ለረጅም ጊዜ በቄስ ተማሪ ቤት እጅ እንደ ነበረ ቀረ፤ በየከተማው ብዙ ልጆች ወደ ዘመናዊው ተማሪ ቤት የገቡት ሀሁንና አቡጊዳን ከየኔታ ዘንድ ተምረው ነው። ታላቁ ለውጥ የመጣው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ እስከ 15 ቋንቋዎች የደረሰው ይህ ዘመቻ፣ አስተማሪው ወደ ተማሪው መንደር እንዲሄድ አደረገ። መኳንንቱ ለራሳቸው ቤት ብቻ ያደረጉት መገልበጥ ለአገር ሁሉ ሆነ ማለት ነው፤ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1980ም የዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል።

ከዚያ ወዲህ ተማሪ ቤት በዛ፤ ንባብ ግን በዚያው መጠን አልጨመረም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2010 በስምንት ክልሎች በተደረገ የጀማሪ ንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት ጽሑፍ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ ሳይችል ተገኘ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የክፍሉ ጥበት፣ የመጻሕፍት ማነስ፣ የአስተማሪው ሥልጠና። አንዱ ምክንያት ግን ከላይ ከተነገረው ጋር ይያያዛል። በተጨናነቀ ክፍል ሀሁ በኅብረት ሲዜም፣ የአንዱ ልጅ ስንጥር የት እንዳለ የሚያይ ሰው የለም። የኔታ ታላላቆቹን ልጆች በታናናሾቹ ላይ አስጠኚ አድርጎ ይህን ያቃልለው ነበር።

በዚህ ምክንያት አስጠኚ ፍለጋው በአዲስ መልክ ተመልሷል። አቅም ያላቸው የከተማ ቤተሰቦች ለጀማሪ ልጃቸው የቤት ለቤት አስጠኚ ይቀጥራሉ፤ የሚቀጠረውም ብዙ ጊዜ ከገጠር መጥቶ በከተማ የሚማር ወጣት ነው። ክፍያው በወርና በሰዓት ስለ ሆነ የእንጀራው ጥያቄ በከፊል ተፈቷል፤ ቡና ሲፈላ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ የሚለው ግን እንደ ቤቱ ነው። ወላጆችም አሁን አጥብቀው የሚጠይቁት «ፎኒክስ» የሚያስተምር ሰው ነው፤ ለእንግሊዝኛው ማለት ነው። ልጁ አስቀድሞ ፊደል ከቈጠረ እዚህ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ይገጥመዋል። በአማርኛ «ለ» ብሎ የጠራው ፊደል በቃል ውስጥም «ለ» ነው፤ ስሙና ድምፁ አንድ ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን ሲ፣ ኤ፣ ቲ ብሎ ስሞቹን በትክክል ጠርቶ ሲያያይዛቸው «ካት» የሚለውን ቃል አያገኘውም። አስጠኚው ይህን ልዩነት ካላወቀው ልጁ እንደ ሰነፍ ይቈጠራል።